የእታለም ምንጣፍ

እናቴ የላቦራቶሪያችን በር ላይ ስትደርስ ጫማዋን ታወልቃለች። አውልቂ ያላት የለም። እንዲያውም ዶክተሯ፣ «እማማ፣ ወለሉ ላይ አሲድ ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ በሞቴ ጫማዎን ያድርጉ» እያሉ ስንቴ ለምነዋታል። እማ ግን ሐሙስ ሐሙስ ስትመጣ ጫማዋን ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን አቁማ፣ ነጩን ጋውን ደርባ፣ በካልሲ ሸርተት ሸርተት እያለች ትገባለች።

«ልጄ የተኛችበት ቤት በጫማ አልገባም» ትላለች።

ልጇ የተኛችው ማሞቂያ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከመዳፍ በማትሰፋ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ እዚሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ሴል አሳዳጊ ነበረች። እሳት ለበላው ሰው ቆዳ እናበቅላለን፤ ሥራችን ይኸው ነው። አንድ ሰሞን የጤነኛ ሰው ቆዳ ሲጠፋ እታለም እጅጌዋን ሰበሰበችና ከክንዷ ውስጠኛ በኩል የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ አስወስዳ ሰጠች። ከዚያች ቁራጭ ሴሎቿ እየተሳቡ ወጡ፣ ተባዙ፤ ገሚሱ በትንንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ከበረዶ በላይ በሚበርድ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገባ። ቆይቶ እሷ ሳንባዋን ታመመችና ሞተች። ሴሎቿ አልሞቱም። የነገራቸው የለም።

እኔ የገባሁት እሷ ከሞተች በኋላ፣ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። ኮሌጅ ደጁን አልረገጥኩም፤ ደጁም እኔን አልናፈቀም። የእህቴን መጻሕፍት ከአልጋዋ ሥር ጎትቼ አወጣሁና መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ያልገባኝን እየተሳደብኩ አነበብኩ። አሁን ሴሎቹን የማሳድገው እኔ ነኝ። ዶክተሯ «እሾህ» ይሉኛል። ስም ማውጣታቸው አይደለም፤ ያዩትን መናገራቸው ነው።

ስለ ሴሎቹ ለእናቴ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ሊያጽናኑን ቤት መጥተው ቃል ሲያጥራቸው፣ «እማማ፣ እኮ ጨርሳ አልሄደችም» አሉና ስለ ብልቃጦቹ አወሩ። ማጽናናት ያልለመደ ሰው እንዲህ ነው፤ እሳት ሊያጠፋ ላምባ ይዞ ይመጣል። በሳምንቱ እማ በር ላይ ነበረች። ዶክተሯም የገዛ አፋቸው ያመጣውን እንግዳ መመለስ አልቻሉም።

እማ ማይክሮስኮፑ ላይ ትጎነበስና ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«እንዴት ሰነበትሽ የኔ ዓለም? አልበረደሽም? ይቺ እሾህ እህትሽ በደንብ ታበላሻለች?»

ትንፋሿ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፤ እወለውልላታለሁ።

«እማ፣ ጆሮ እኮ የላቸውም።»

«አንቺ ጆሮ አለሽ፤ መቼ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ዶክተሯ ጥግ ላይ ሆነው ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ሆኖም ሐሙስ ባይኖር እናቴ ከአልጋዋ እንደማትነሳ ሁላችንም እናውቃለን። ረቡዕ ጸጉሯን ታጥባለች። ሐሙስ ከላቦራቶሪ ስትመለስ ትበላለች። የቀሩት ቀኖች ለእሷ ኮሪደር ናቸው፤ ታልፍባቸዋለች እንጂ አትኖርባቸውም።

ቤታችን ውስጥም ነገሩ ያው ነው። የእታለምን አልጋ አውጥተን ከሰጠን ቆይቷል። የነበረበት ቦታ ባዶ ወለል ነው፤ የአልጋው እግሮች የተዉት ጠባሳ ብቻ ቀርቶበታል። እኛ ግን ዛሬም ዞረን ነው የምናልፈው። ከበሩ ወደ መስኮቱ ስሄድ የሌለው የአልጋ ጫፍ እንዳይመታኝ ወገቤ በራሱ ጊዜ ይታጠፋል። አንዴ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቦታውን አቋርጦ ሄደ። እማና እኔ እኩል «እንዴ!» አልን። ሰውዬው እባብ የረገጠ መስሎት ዘለለ።

እዚያ አልጋ ላይ እታለም በግራ ጎኗ ተጠቅልላ፣ እጇን ከጉንጯ ሥር ሸጉጣ ነበር የምትተኛው። እማ ደግሞ በቀኟ ነው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «በግራዬ ከተኛሁ ልቤ ይታፈናል» ትላለች። ልጅ ሆኜ በሁለቱ መሐል ስተኛ፣ የማንን ጀርባ የማንን ፊት እንደማገኝ አውቀው ነበር።

ሴል ዕድሜ አለው። ይከፈላል፣ ይከፈላል፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። ያረጀ ሴል ይሰፋል፣ ይንጣለላል፤ ሶፋ ላይ ዘጭ እንዳለ ጡረተኛ። ቶሎ አይሞትም፤ መውለድ ግን የለም። የእታለም የመጨረሻዋ ብልቃጥ ከበረዶ ወጥታ ሴሎቿ ሳህኑን ከሞሉ በኋላ ዶክተሯ በማይክሮስኮፑ አዩና ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ከዚህ በኋላ የለም» አሉ። «እነዚህም አርጅተዋል። ከጠርዙ መልቀቅ ሲጀምሩ አበቃ በይ።»

«እናቴስ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላ ሳህን አሳዪያት። የቆዳ ሴል ያው የቆዳ ሴል ነው፤ ስም ካልተጻፈበት እኔም አልለየው።»

ደስ አላለኝም፤ የተሻለም አላመጣሁ። ሐሙስ ሲደርስ የአንድ የማናውቀው ሰው ሴሎች ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጥኩ። እማ ጎንበስ አለች። ሰላምታ አልሰጠችም። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደገና አየች፤ ቀና ስትል ፊቷ ጠቁሯል።

«ይሄ ማነው?»

«እታለም ናት፣ እማ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ነው? በሆዴ የተሸከምኳትን፣ በጀርባዬ ያዘልኳትን? ልጄ እንዲህ አትተኛም!»

«ሴል እኮ አይተኛም፣ እማ...»

«ወደ ግራ ነው የምትዞረው!» ጣቷ አየሩ ላይ ሽክርክሪት ሣለ፤ ልክ እታለም አናት ላይ እንደነበረው የጸጉር ሽክርክሪት። «ሁልጊዜ ሳያት እንዲህ ነች። ይሄ ሰውዬ ቀጥ ብሎ እንደ ማገዶ ተደርድሯል። እግዜር ያኑረው፤ የኔ ግን አይደለም።»

የእታለምን ሳህን ከሣጥኑ አወጣሁ። እነዚህን ሴሎች ያን ያህል ጊዜ ስቀልብ ንጹሕ መሆናቸውን፣ መሙላታቸውን ነው የማየው፤ እንዴት እንደተኙ አይቼ አላውቅም። አየሁ። እንደ ወንዝ ውስጥ ሣር ጎን ለጎን ተጋድመው፣ መሐል ላይ ወደ ግራ ይሽከረከራሉ። ኮምፒዩተሩ ላይ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ከፈትኩ፤ ከመጀመሪያዋ ብልቃጥ ጀምሮ ሁሉም ወደ ግራ።

«ሳህኑ ላይ ጭረት ይኖራል፤ ሴል ጭረት ተከትሎ ነው የሚጋደመው» አሉ ዶክተሯ ከኋላዬ።

«ሁሉም ሳህን ላይ?»

«እሾህ፣ ጭረት ነው በይ። አለዚያ እኔ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ብቻዬን አልገባም።»

ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ልጇ እያረጀች ነው፤ ሌላ ብልቃጥ የለም፤ ይህች ሳህን የመጨረሻዋ ናት።

«ምን ጎደለባት?»

«ምንም አልጎደለባትም። እርጅና ነው።»

«ከኔ ቀድማ አረጀች?» አለችና ወንበሩን ተደገፈች። ከዚያ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች። «ከኔ ውሰዱና ጨምሩላት።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ደም እንደ መስጠት አይደለም...» አሉ ዶክተሯ።

«ዶክተርዬ፣ ቢላሽን አምጪ።»

ዶክተሯ እኔን አዩኝ፤ እኔ እግሬን አየሁ። ከክንዷ ውስጠኛ በኩል፣ ልጇ በሰጠችበት ቦታ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ተወሰደች። እማ ደስ ብሏት ወጣች። ልጇን የምትደግፍላት መስሏታል። አይሆንም አላልናትም።

ሴል ባዶ ሜዳ ላይ አይኖርም። ከሥሩ የሚያነጥፈው ምንጣፍ አለ፤ ራሱ ይፈትለዋል፣ ራሱ ይሸምነዋል። ኮላጅን የሚሉት ወፍራሙ ገመድ ነው፤ ፋይብሮኔክቲን የሚሉት የሚያጣብቀው ቀጭኑ ክር። የሴሉ እጆች ገላውን አልፈው ይወጡና በውጭ ክሩን ይጨብጣሉ፤ በውስጥ ደግሞ ሴሉን እንደ ድንኳን ወጥረው ከያዙት ገመዶች ጋር ይታሰራሉ። ስለዚህ ምንጣፉ ወዴት እንደተሸመነ የሴሉ አጥንት ድረስ ይሰማል። የሥሩ ክር ወደ ግራ ከሄደ የውስጡ ገመድ ወደ ግራ ይወጠራል፤ ሴሉም ወደ ግራ ይጋደማል። የሚጨብጠው ያጣ ሴል ግን ይድቦለቦላል። ተንሳፎ ይቆይ ይቆይና ራሱን ይገድላል። ገዳይ አያስፈልገውም፤ መያዣ ማጣት ይበቃዋል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩት ቤት ነው፤ መጽሐፉን አጥፌ እናቴ የተኛችበትን ክፍል በር ስመለከት እንደቆየሁ አስታውሳለሁ።

የእናቴ ሴሎች ከቁራጯ ወጥተው ባዶው ፕላስቲክ ላይ ሲደርሱ አልያዝ አሉ። ጥቂቶቹ በመከራ ተጣበቁ፤ የቀሩት ድብልብል ብለው ተንሳፈፉ። ከፋብሪካ የተገዛ ኮላጅን ቀባሁላቸው፤ ትንሽ ያዙ፣ ትንሽ ሄዱ፣ መልሰው ለቀቁ። «እልኸኛ ናቸው» አሉ ዶክተሯ። «ከማን እንደመጡ አልጠፋኝም» አልኳቸው።

እንዲህ ስንታገል አንድ ጠዋት የእታለም ሳህን ጠርዙ ላይ ተላቆ አገኘሁት። እንደ አሮጌ ስቲከር ጫፉ ተጠቅልሏል። ያረጁት ሴሎች ሲለቁ ምንጣፋቸውንም ይዘው ነው የሚሄዱት።

እዚህ ላይ የሥራችንን ወግ መናገር አለብኝ። ለበሽተኛ ቆዳ ስናበቅል የታማሚው ሴል ባዶ ቦታ ላይ እንቢ ሲል፣ የጤነኛ ሰው ሴል ምንጣፉን እንዲሸምን እንተወዋለን። ከዚያ በሳሙናና በአሞኒያ ውሃ ሴሉን እናጥበዋለን። ሴሉ ይሞታል፤ ምንጣፉ ይቀራል። የታማሚውን ሴል እዚያ ላይ እናሰፍረዋለን። የስንት ሰው ሴል እንደዚህ አጥቤያለሁ፤ ምሳዬን ምን ልብላ እያልኩ።

«ዛሬ ካልታጠበ ነገ ምንጣፉም የለም» አሉ ዶክተሯ። ምን እንዳሰብኩ ገብቷቸዋል። «እኔ ላድርገው?»

«እህቴን ሌላ ሰው ሲያጥባት ቆሜ አላይም።»

«እሾህ፣ ሬሳ እኮ አይደሉም። በሕይወት አሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ማለቴ፣ ካፈሰስሽው በኋላ...»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ!»

ወጡልኝ። ውሃውን አሞቅኩት። ለሌላ ሰው ሴል አሙቄ አላውቅም። ሳህኑ ማይክሮስኮፑ ሥር እንዳለ ውሃውን በጠርዙ በኩል በቀስታ አፈሰስኩና አየሁ። መጀመሪያ የውስጥ ገመዶቻቸው ረገቡ፤ ተወጥሮ የነበረው ሁሉ ላላ። ከዚያ ገላቸው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ አስኳላቸው ደበዘዘ፤ ማለዳ ላይ የመንገድ መብራት ሲጠፋ እንደሚታየው፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። መስታወቱ ደብዝዞብኝ ሳብሰው ነው አፌ ሲንቀሳቀስ የደረስኩበት።

«አልበረደሽም?» እያልኩ ነበር።

ጆሮ የላቸውም ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ስድቡም አልረዳኝም።

አጥቤ ስጨርስ ሳህኑ ባዶ ይመስላል። ብርሃኑን ዘወር አድርጌ ሳየው ግን ክሮቹ አሉ፤ የሸረሪት ድር የሚያክሉ፣ ወደ ግራ የሚዞሩ። ሰው ተነስቶ የሄደበት ፍራሽ እንዲህ ነው፤ ጎድጓዳው ይቀራል።

የእናቴን ሴሎች፣ የተረፉትን፣ እዚያ ላይ አፈሰስኳቸው።

በነዚያ ሳምንታት ለእማ ላቦራቶሪው በመድኃኒት እየታጠበ ስለሆነ ሰው አይገባም ብለናት ነበር። አንድ ሐሙስ አልፎ ሌላ ሐሙስ መጣ። ጸጉሯን አላጠበችም። ጉልበቷን አቅፋ፣ ድብልብል ብላ አልጋዋ ላይ ዋለች። ሳህን አስቀምጬ እሄዳለሁ፣ ሳህኑን እንዳለ አነሳለሁ። «እማ፣ አንድ ጉርሻ» ስላት፣ «እሷ ሳትበላ?» ትለኛለች።

ላቦራቶሪ ያለችው ግን በልታለች። ሴሎቹን ባሰፈርኩ ማግስት ሳህኑን ሳይ አንድም የተንሳፈፈ አልነበረም። ያ እልኸኛ ሴል ሁሉ እጁን ዘርግቶ፣ ክሩን ጨብጦ፣ ተደላድሏል። እየቆየ ተባዛ፣ ሞላ። ሲሞላ ደግሞ ተጋደመ። ወደ ግራ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ምንጣፉ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ቢሆንም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት፤ በሩንም ከፈትኩ።

ሐሙስ እማን ይዣት መጣሁ። ጫማዋን እኔ አወለቅኩላት፤ ማጎንበስ አቅቷት ነበር። ማይክሮስኮፑን ያዘች፣ አየች።

«እሷ ናት! ዶክተርዬ፣ ልጄ ዳነች! ወፍራለች እኮ!»

ዶክተሯ በጥርሳቸው ሳቁና በዓይናቸው አፍሽን ዝጊ አሉኝ። መዝጋት እችል ነበር። ውሸቱ ተነጥፎ ተዘጋጅቷል፤ የቀረኝ መቀመጥ ነው። ሴሎቹም ገና ወጣት ናቸው፣ ለብዙ ሐሙስ ይበቃሉ። እማ በጋውኑ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች።

«እፎይ» አለች። «እንግዲህ እሷ ካለችልኝ እኔ ብሄድም አይቆጨኝ። ደክሞኝ ነበር እኮ። እሷን ትቼ እንዴት ልሂድ እያልኩ ነው እስከዛሬ የቆየሁት።»

ለመሞት ፈቃድ እየጠየቀችን ነበር፤ ሳህኑም ፈቅዶላታል።

«እማ» አልኳት። «አንቺ ነሽ።»

«ምን?»

«ያየሽው አንቺን ነው። ከክንድሽ የወሰድነው ነው። እታለም አልቃለች። እኔ ነኝ ያጠብኳት፤ በዚህ እጄ። የቀረው ምንጣፏ ነው፤ አንቺ እላዩ ላይ ነሽ።»

ዶክተሯ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ፍሪጁ ይጮሃል። እማ ተመልሳ ጎንበስ አለች። አየች፣ አየች። ጥፊ እየጠበቅኩ ነበር፤ ጉንጬን አዘጋጅቼ ቆሜያለሁ።

«ታዲያ» አለች ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ከበድኳት?»

«እ?»

«እላይዋ ላይ ሆኜ። ከበድኳት ወይ?»

 ሳህኑን አየሁ፣ እሷን አየሁ።

«አልከበድሻትም» አልኩ። «ይዛሻለች።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ለብዙ ጊዜ ቀና አላለችም። ስትወጣ ጫማዋን ራሷ አደረገች፤ ቤት ስንደርስም ራቧን አስታወሰች።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ሕያው ሴል ያገኘውን ምንጣፍ እንዳገኘው አይተወውም። የድሮውን ክር እየቆረጠ፣ በራሱ ክር ይተካዋል። ሳምንታት ሲቆጠሩ እዚያ ሳህን ላይ ከእታለም የቀረ አንድ ክር ይኖራል ብዬ አልምልም። ሽክርክሪቱ እየሟሸሸ፣ እየቀና እንደሚሄድ ጠብቄ ነበር። አልቀናም። ዶክተሯን ስጠይቃቸው፣ «አዲሱ ክር አሮጌውን ተከትሎ ነው የሚሸመነው፣ ይሄ የታወቀ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ቢሆንም ያንን ሳህን አንሺልኝ ሲሉኝ እንጂ ራሳቸው ሲነኩት አይቼ አላውቅም።

እማ ሐሙስ ትመጣለች። ሰላምታዋ ብቻ ተቀይሯል። ጎንበስ ትልና፣ «እንዴት ሰነበትን?» ትላለች።

ዓርብም መነሳት ጀመረች፤ ቅዳሜም። መስኮት ትከፍታለች፣ እኔን ትሰድባለች፣ ተመስገን ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አልጋዋን ብቻዋን እየጎተተች ደረስኩባት።

«ያዢ በዚያ በኩል፤ ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

«ወዴት?»

ባዶውን ወለል በአገጯ አሳየችኝ። ገፋነው። የአልጋው እግሮች ጠባሳዎቹ ላይ ልክክ አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስንዞር የምንዞረው ያለ ነገር ነው፤ ቆጣሪ አንባቢውም ይዞራል።

ትናንት ጠዋት ሻይ ይዤላት ገባሁ። ነቅታለች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። በግራ ጎኗ ተጠቅልላለች፤ አንድ እጇ ከጉንጯ ሥር ተሸጉጧል።

«እማ፣ በግራሽ ልብሽ አይታፈንም እንዴ?»

«ቦታው ነው» አለች፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «እዚህ በሌላ ጎን አያስተኛም። አንቺም ጋደም በይበትና እዪው።»

«ምን ቆርጦኝ!» አልኩና ሻዩን አስቀምጬ፣ አልጋውን ዞሬ ወጣሁ። በሩን ልዘጋ ስል አንድ እጄ ብቻ ነበር ሥራ የያዘው። ሌላው ጉንጬ ሥር ነበር።